ቅርጹን የሚቀይር መረብ



የዚህ እትም ዋና ጉዳይ የዳታ ማዕከላት ውስጣዊ መረብ ነው። ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለስልክ ማዞሪያ ያቀረበው ባለ ብዙ ደረጃ አሠራር ዛሬ ሰርቨሮችን ለሚያገናኙ መረቦችም መሠረት ሆኗል። ችግሩ፣ ገመዱ አንዴ ከተዘረጋ የመረጃው ፍሰት ቢለወጥም መረቡ አይለወጥም። ጉግል በ2022 ባሳተመው ጥናት፣ ጁፒተር ከተባለው መረቡ የላይኛውን የስዊች ደርብ አንሥቶ፣ ጥቃቅን መስታወቶች ብርሃኑን ከአንዱ ፋይበር ወደ ሌላው እንዲያዞሩ ማድረጉን ገለጸ። ትራፊኩ ሲቀየር ሶፍትዌር መስታወቶቹን ያዘነብላል፤ መረቡም ቅርጹን ይለውጣል። የኃይል ፍጆታው በ41 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው አስታውቋል። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ሌላ ነው፤ መስታወቱ የዛሬውንም ሆነ ከዚያ የሚፈጥነውን የነገ ብርሃን እኩል ያንጸባርቃል፣ ስለዚህ ፍጥነት ባደገ ቁጥር አይጣልም። የኔትወርክ ተማሪዎች በተለይ ስለ መስታወቶቹ የሚያወራውን ክፍል በእርጋታ እንዲያነቡት አደራ እላለሁ።

አዘጋጁ