ለትንኝ የመጣው ዲዲቲ ከሕፃን አፍ ምን ይሠራል?

እኔ ሐረር ላይ የሚቅመውን ሰው ልሰድብ አልተነሳሁም። የቃመ ይቃም! ያልቃመው ሕፃን ግን ምን አጠፋ?

ሸዋ በር ሂዱና እዩ። እናት ልጇን አዝላ ዙርባ ታገላብጣለች። ትልቁ ልጅ ከሥሯ ቁጭ ብሎ ቅጠል ይለቅማል፤ በዚያው እጁ ዳቦውን ይገምጣል። ገራባው ለፍየል ይሰጣል፤ የፍየሏ ወተት ደግሞ ተመልሶ ለልጅ!

ታዲያ ቅጠሉ ላይ ምን አለ? ሁሉም ባይሆን፣ ጫቱን ተባይ እንዳይበላበት ዲዲቲ የሚረጭ ገበሬ መኖሩ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ከተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች የተሰበሰበ ጫት ተመርምሮም ዲዲቲ ተገኝቶበታል። ዲዲቲ እኮ ለወባ ትንኝ፣ ለቤት ግድግዳ ተብሎ የመጣ ነው! ትንኟ ስለተላመደችው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የቤቱ ርጭት እንኳ ቀርቷል። ለመሆኑ ከመጋዘን ወደ ማሳ ማን አሻገረው?

«አጥቦ መጠቀም ነው» የሚል አይጠፋም። ኧረ ተው! ዲዲቲ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። አፈር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፣ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ከእናት ወደ ጽንስ፣ ከጡትም ወደ ሕፃን ይተላለፋል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናቶች ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ መገኘቱን በ2005 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ነግሮናል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። እናቶች ሆይ፣ በዚህ ደንግጣችሁ ጡት አትከልክሉ! የጡት ወተት ጥቅሙ ያመዝናል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ አገራችን የስቶክሆልምን ስምምነት በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም ወጥቷል። ወረቀቱማ ሞልቷል! ከጫት ቀረጥ ሲሰበስብ የኖረ መንግሥት መርዙን ለመለካት ምነው እጁ አጠረ?

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከሐረርና ከአወዳይ ገበያ ናሙና ይወሰድ፤ ውጤቱ በአደባባይ ይነገር። የመርዙ ነጋዴ ይጠየቅ። ገበሬውም ከመወንጀሉ በፊት ተባይ የሚከላከልበት ሌላ መላ ይሰጠው።

ክቡራን ባለሥልጣናት፣ የጫቱን ገንዘብ ስትቆጥሩ ኖራችኋል። አሁን ደግሞ መርዙን ቁጠሩልን!