ልጆቹን ለማን ትተሽ መጣሽ?

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሐዋሳ ልኮኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የሻይ ሰዓት ሳያልቅ አምስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጆቹን ለማን ትተሽ መጣሽ?» ከአምስቱ ሦስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም ክፋት የለባቸውም፤ በእኛ አገር የሰው ልጅ አስታውሶ መጠየቅ ደግነት ነው። ነገር ግን ከጎኔ ቆሞ ሳምቡሳውን የሚገምጠው የሥራ ባልደረባዬም የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የመጨረሻዋ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነው። እሱን ማንም አልጠየቀውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁትም።

የእኔ መልስ አጭርና የተለመደ ነው፦ «ሠራተኛ አለችኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት።» ጠያቂው «ተመስገን በይ፣ ዛሬ ሠራተኛ ከየት ይገኛል!» ይለኛል፣ እኔም ተመስገን እላለሁ፣ ወሬው በዚያው ይዘጋል። ዛሬ ይህን የተዘጋ ወሬ ልከፍተው እፈልጋለሁ። ጥያቄው ብቻ ሳይሆን መልሴም የሚያሳፍር መሆኑ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያውም በገዛ ልጆቼ አፍ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ጥያቄው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ትንሿ አራት። ቀኔ የሚጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የትልቋን ፀጉር አበጥራለሁ፣ የትንሿን ጫማ እፈልጋለሁ (የልጅ ጫማ ሌሊት ሌሊት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ)፣ የምሳ ዕቃው ክዳን መግጠሙን አያለሁ፣ ደብተር ላይ እፈርማለሁ፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጡሩንባውን ሲያምባርቅ ሁለቱን እየጎተትኩ እወጣለሁ። ከዚያ መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብቼ ገና ወንበሬን ሳላሞቅ ስልኬ ይጮሃል። «የእከሊት እናት? ልጅቷ ትኩሳት ቢጤ አላት፣ መጥተው ቢወስዷት።» በትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ የአባቷ ስልክ ከእኔ በላይ ነው የተጻፈው። ለምን ለእኔ ብቻ እንደሚደውሉ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አባት ሥራ ላይ ስለሚሆኑ እንዳንረብሻቸው ብለን ነው» አሉኝ። እኔስ ስልኩን ያነሳሁት የት ሆኜ ነው?

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «አንቺ እኮ ጀግና ነሽ» ይለኛል። በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ ደግሞ ቢሮ ውስጥ አበባ ይታደለናል። ጀግና መባል ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ነገር ግን እየቆየሁ ስመለከተው ጀግንነት ደመወዝ የሌለው ሹመት ሆኖ አገኘሁት። ሰውን ጀግና ካሉት በኋላ ሸክሙን ማቅለል አያስፈልግም፤ ማጨብጨብ ይበቃል።

አገር እናትን ምን ያህል እንደምታስብ በቀን ይቆጠራል። ትልቋ ልጄ በ2010 ዓ.ም. ስትወለድ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር፤ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን። ትንሿ በ2014 ስትመጣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 90 ቀን ሆኖ ጠበቀኝ። ለዚህች 30 ቀን የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ የሚነገረኝ ግን ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አይቅመስ ተብሎ ነው። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። የቀረው 90 ቀን የማን ነው? ለአባትየውስ? ያው አዋጅ 3 ቀን ሰጥቶታል። ሦስት ቀን «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊል የመጣውን እንግዳ አስተናግዶ ለመሸኘት እንኳ አይበቃም። ሕጉ በሦስት ቀኑ ለአባት የሚነግረው «አይተህ ተመለስ፣ ይህ ያንተ ጉዳይ አይደለም» የሚል ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ እኔን የመሰለች የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ግን ይህን ግዴታ በአሠሪው ላይ አልጫነም። የእኔ ጡት ከመንግሥት ሠራተኛዋ በምን ይለያል?

ባለቤቴን ክፉ አድርጋችሁ እንዳትስሉት። ደግ ሰው ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «በጣም ያግዘኛል» እላለሁ። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ሰው የሚያግዘው የሌላውን ሥራ ነው። የጎረቤቱን አጥር ሲያጥር አገዘ ይባላል፤ የራሱን አጥር ሲያጥር ግን አጠረ ነው የሚባለው። የዚህ «ያግዘኛል» ሥር ሩቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ካነሰው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። የቤት ሥራ ወይ የሠራተኛዋ ነው፣ ወይ የሚስትየዋ። ሦስተኛ ሰው በሕጉ ውስጥ የለም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ወረቀቱ ከተሻረ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። በየማጀታችን ግን ቁጥር 646 አልተሻረም። እኔ ራሴ፣ የተማርኩት ሴትዮ፣ ቃል በቃል ስፈጽመው ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ መልሴ ልመለስ። ልጅቷ ወደ ቤቴ የመጣችው በደላላ ነው። «18 ሞልቷታል» አለኝ፤ ፊቷን አይቼ አላመንኩትም፣ ነገር ግን በማግሥቱ የማቀርበው ሪፖርት ስለነበረብኝ ዝም አልኩ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ከእኔ ቀድማ ትነሳለች፣ ከእኔ በኋላ ትተኛለች። እኔ በቀን የስምንት ሰዓት ሥራ፣ የዓመት ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ የሚሰጠኝ ያ አዋጅ እሷ ዘንድ ሲደርስ በሩን ይዘጋል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አውጥቶ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል» ብሎ ያልፋል። ይኸው ቃል በ1996ቱ አዋጅም ውስጥ ነበር። በ15 ዓመት ውስጥ የእኔ የወሊድ ፈቃድ በ30 ቀን ሲያድግ፣ ለእሷ የተገባው ቃል ግን እንዳለ ተገልብጦ ወደ አዲሱ አዋጅ ተሻገረ።

በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺሕ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ያላለቀሰ አልነበረም፤ እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ። በ2008 ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ፣ ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት ሳይኖር ሠራተኛ እንዳይላክ፣ የምትሄደውም 18 ዓመት የሞላት እንድትሆን ተደነገገ። ደግ ተደረገ። ነገር ግን የዚያችው ልጅ ታናሽ እህት በዚህ፣ በእኔ ማጀት ውስጥ ያለ ውልና ያለ ዕረፍት ቀን ስትሠራ ስምምነቱ ከማን ጋር ነው የሚፈረመው? ለጅዳዋ እመቤት የምንመኘውን ሕግ ለመገናኛዋ እመቤት ለምን አልተመኘንም? መልሱን አውቀዋለሁ። የመገናኛዋ እመቤት እኔ ነኛ።

ይህን ያወቅሁት ግን ሕግ አንብቤ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼ ሳሎን ውስጥ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሰማኋቸው። ትልቋ ነጠላዬን ደርባ እናት ሆናለች፤ ትንሿ ሽርጥ አስራ ሠራተኛ። «እስካሁን ለምን አላጠብሽውም? ስልክ ላይ ነበርሽ አይደል!» ትላለች ትልቋ። ድምፁ የእኔ ነው፤ መቁረጡ፣ መቆጣቱ፣ ሁሉም። ትንሿ አንገቷን ደፍታ «እሺ፣ እትዬ» አለች። እንደ ዋዛ ገብቼ «አባትየውስ የት አለ?» አልኳቸው። ሁለቱም ባዶውን ሶፋ አዩና ትልቋ በመሰላቸት «ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝ። ልጆቼ ማንም ሳያስተምራቸው ቁጥር 646ን በቃላቸው ይዘውታል። እመቤት አለች፣ ሠራተኛ አለች፣ ሦስተኛ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ልጅቷ የማታ ትምህርት ልመዘገብ ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔ ቤት የምደርሰው 1 ሰዓት ነው። «ለዘንድሮ አይሆንም፣ ለከርሞ እናያለን» አልኳት። እሺ እትዬ አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያቺ ልጅ ከሰባተኛ ክፍል የምትቀረው በድህነቷ ብቻ አልነበረም። የእኔ መዘግየትና የባለቤቴ «ስብሰባ» ተደምረው የእሷን ትምህርት በልተውታል። ለሁለት ሴት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍለው የሦስተኛዋን ሴት ልጅ ትምህርት አስቀርቼ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሱ ክርክሮች አሉ። «እናቶቻችን ሰባት ስምንት ልጅ አላሳደጉም ወይ?» ይባላል። አሳድገዋል። የእኔ እናት አስተማሪ ነበረች፤ አራታችንን ያሳደገችን ግን «ትማር» ተብላ ከገጠር የመጣች አክስቴ ናት። የእናቴ ተማሪዎች ዶክተርና ኢንጂነር ሲሆኑ አክስቴ ዛሬም የስልክ ቁጥር የምታስነብበው ሰው ትፈልጋለች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዘመድ ወደ ደላላ ተሸጋገረ እንጂ። «ታዲያ ሥራሽን አትተይም?» የሚሉም አሉ። በአንድ ደመወዝ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚዘልቅበት ቤት ካለ ያሳዩኝ። ደግሞስ ይህን ምክር ባለቤቴን የመከረው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ደሀ ልጅ እንጀራ አገኘች፣ ምን ይጠላል?» ለሚሉም፣ እንጀራ መስጠት ዕዳን አያስቀርም እላለሁ። ሥራ ከሆነ እንደ ሥራ ሰዓት ይኑረው፣ ዕረፍት ይኑረው፣ ውል ይኑረው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ማለት ውል አይሆንም፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ማን አለ?

ሌላው ወቀሳ ከሴቶች ይመጣል፦ «የራሳችን ሸክም መች ቀለለና ነው ሌላ የምትጭኚብን?» ይህ ያመኛል፣ እውነት አለበትና። ነገር ግን ሁለት ሴቶች አንድ ሸክም ሲቀባበሉ ሸክሙ አልቀለለም፤ ከጠንካራዋ ወደ ደካማዋ ወረደ እንጂ። መጣል ያለበት ወደ ሦስተኛው ሰው ነው። ወደ አባት፣ ወደ አሠሪ፣ ወደ ሕግ አውጪው። የ3 ቀኑ የአባት ፈቃድ ይርዘም፣ ማቆያው በግል ድርጅቶችም ላይ ግዴታ ይሁን፣ ሁለት ጊዜ ቃል የተገባለት ደንብም ይከበር።

በቤታችን ደግሞ ደንቡን ሳንጠብቅ አንድ ነገር አደረግን። ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። ባለቤቴ «እስከ መቼ ነው የማግዝሽ?» ብሎኛል፣ እኔም ከላይ ስለ አጥር የጻፍኩትን ከዚህ በከረረ ቃል ነግሬዋለሁ። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ቤት የሚገባው እሱ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ካለቃዬ ጋር ተነጋግሬ ጠዋት በገባሁት ሰዓት ልክ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። እሑድ ሙሉ ቀን የልጅቷ ነው። እሷም ሰባተኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ ሒሳብ ከበድ ብሏታል፣ እንግሊዝኛው ግን ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ የዘገየ ነው። ያለፈውን ዓመቷን አልመለስኩላትም።

ባለቤቴ አንድ ረቡዕ ከቢሮ ሲወጣ አለቃው «ወዴት ነው በጊዜ?» ይለዋል። «ልጆች ጋ» ይላል እሱ። አለቃው ከልቡ ደንግጦ «ምነው፣ ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» አለው።

እኔን «ልጆቹን ለማን ትተሽ መጣሽ?» የሚሉኝ፣ እሱን «ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» የሚሉት። ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። በሚቀጥለው ሥልጠና ሻይ ሰዓት ላይ፣ ሳምቡሳውን ለሚገምጠው ባልደረባዬ እኔ ቀድሜ አቀርብለታለሁ፦ «ልጆቹን ለማን ትተህ መጣህ?» ከመለሰልኝ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፦ «እሷስ ስንተኛ ክፍል ናት?»