የምድረ በዳ ልጅ ጥላ ይሻል

በመስኮት ደፍ ወይም በበረንዳ ላይ አበባ መትከል የሚወዱ ቤተ ሰቦች ካክተስን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ለሥራ ጕዳይ ወደ ሌላ አውራጃ ሄዶ ቢሰነብት እንኳ ታግሦ ይቈያል። ነገር ግን ይህ ትዕግሥት ያደገው ተክል ጠባይ ነው እንጂ የቡቃያው አይደለም። ካክተስን ከዘር ለማሳደግ የሚነሣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባዋል፤ የብዙዎች ድካም ከንቱ የሚሆነው ይህን ባለማወቅ ነውና።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በየኰረብታው የምናየው፥ ሲቈረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ ወተቱም ዐይንን ክፉኛ ስለሚጐዳ ጥንቃቄ ያሻዋል። የካክተስ ወገን የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በትግራይና በኤርትራ ደጋ በክረምት ፍሬው የሚበላው በለስ ግን እውነተኛ ካክተስ ነው፤ በአማርኛ የባሕር ቁልቋል መባሉም፥ እንደ ባሕር ዛፍ ሁሉ፥ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል።

በአሪዞና ምድረ በዳ ሳጓሮ የሚባል ታላቅ ካክተስ አለ። ሲያድግ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ በ8 ዓመቱ ግን ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ አበባውን እስኪሰጥም 35 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በሕይወቱ ዘመን እጅግ ብዙ ዘር ያፈራል፤ ከዚያ ሁሉ የሚተርፈው ጥቂቱ ሲሆን፥ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር የወደቀው ነው። ዛፉ ከቀን ሐሩርና ከሌሊት ውርጭ ስለሚከልለው፥ ሊቃውንቱ በሞግዚት ይመስሉታል።

በቤትም ዘር የሚዘራ ሰው ሥራው የዚህ ሞግዚት ሥራ ነው። ከሥሩ የተበሳ ጣሳ ያዘጋጅ፤ ታጥቦ የደረቀ ሻካራ የወንዝ አሸዋና የተነፋ ብስባሽ እኩል ቀላቅሎ ይሙላበት፤ ሻጋታን የሚያመጣው ነገር እንዲጠፋ የፈላ ውሃ አፍስሶበት እስኪቀዘቅዝ ይተወው። የብዙዎቹ ካክተሶች ዘር እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለ ሆነ በላዩ ይበተናል እንጂ አይቀበርም። የበለስ ዘር ግን ትልቅና ልባሱ ጠንካራ ነው፤ ከሥጋው ታጥቦ፥ አንድ ቀን በውሃ ተዘፍዝፎ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዐፈር ይልበስ።

ውሃውን ከላይ ማፍሰስ ዘሩን ስለሚያጥብ፥ ጣሳውን ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ አኑሮ እርጥበቱ ከሥር ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል። ከዚያም አፉ በመስተዋት ወይም በሚያሳይ ላስቲክ ይከደን፤ ብርሃን በሚበዛበት ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ስፍራ ይቀመጥ። ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። አንዳንዱ በሳምንት፥ ብዙው በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ወራት የሚያስጠብቅም አለ። ቡቃያው ቢቀላ ፀሐይ በዝቶበታል፤ ቢገረጣና ቢመዘዝ ብርሃን አንሶታል፤ ሻጋታ ቢታይ የተበላሸው ወዲያው ተነቅሎ ይጣል፤ ክዳኑም ይነሣ።

እሾኹ መታየት ሲጀምር፥ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ፥ ክዳኑን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መክፈት ያስፈልጋል፤ ሕፃንን ጡት እንደ ማስጣል ነው፤ በአንድ ጊዜ አይደረግም። ዓመት ሞልቶት አተር ሲያህል ወደ ሌላ ጣሳ ይዛወራል፤ ሥሩ ተጐድቶ እንዳይበሰብስ አንድ ሳምንት ያህል ውሃ አይጠጣ። ከዚህ በኋላ ሕጉ ይለወጣል፤ ዐፈሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ ውሃ አይጨመርም። ቡቃያውን የሚገድለው ጥማት ሲሆን፥ ያደገውን የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። ለጀማሪ ማሚላሪያና ረቡቲያ የተባሉት ትንንሽ ዓይነቶች ይስማማሉ፤ በመልካም አያያዝ በሦስትና በአራት ዓመት ያብባሉ።

ያደገ ተክል መግዛት እየተቻለ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው የሚል አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባሳወቀው መሠረት፥ ከተመረመሩት የካክተስ ዓይነቶች ከመቶው 31 የመጥፋት ሥጋት አለባቸው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ለሽያጭ ከበረሓ እየተነቀሉ መወሰዳቸው ነው። በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ዓለም አቀፍ ውል ይህን ንግድ ይቈጣጠራል፤ ሆኖም ስርቆቱ አልቀረም። ከዘር የሚያሳድግ ሰው ግን የማንንም ምድር አያራቍትም። የተረፈውንም ቡቃያ ወደ ሜዳ አይጣል፤ በኬንያ በላይኪፒያ ከአሜሪካ የመጡ የበለስ ዘመዶች የግጦሹን መሬት ወርረው፥ እሾኻቸው የከብቱን አፍ እየጐዳ አርብቶ አደሩን አስጨንቀዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ካክተስን ከዘር ማሳደግ ለችኩል ሰው አይሆንም፤ ለቸልተኛም አይሆንም። የሚያስፈልገው፥ መቼ ጥላ መሆን፥ መቼም ከጥላው ማውጣት እንደሚገባ የሚያስተውል ሰው ነው፤ ይህም በጣሳ ውስጥ ከሚበቅለው ተክል ይልቅ በቤት ውስጥ ለሚያድጉት ልጆች እጅግ የሚያስፈልግ ማስተዋል ነው።