የተዋሱትን የጠረጴዛ ልብስ አጥቦ መመለስ የማን ሥራ ነው?

ውድ የእድራችን አባላት፤

እንደሚታወቀው ለቅሶ ሲደርስ እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚና ሰሃን ያቀርባል። የጠረጴዛ ልብስ ግን ሁልጊዜ ከየጎረቤቱ ነው የሚመጣው። አንዷ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል፣ ሌላዋ ከእናቷ የወረሰችውን ባለጥልፍ ትሰጣለች። ከሰልስት በኋላ ልብሱ ወጥ እንደነካው ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይመለስ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ሲጠየቅ "የለኝም" የሚለው ሰው እየበዛ ነው። አንፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ የጠረጴዛ ልብስ መዋዋስ ከቀረ፣ ነገ ድስቱም ምጣዱም ይቀራል ብለን እንሰጋለን።

አንዳንዶች "ላስቲክ ይገዛና እንገላገል" ይላሉ። ላስቲክ ለመወልወል እንደሚቀል አንክድም። ታዲያ የተዋሰውን የማይመልስ ሰው ላስቲኩን ይመልሳል?

የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሐዘንተኛ ቤት ልብስ ማጠብ የለበትም። ተረኞች ሰሃን እንደሚያጥቡ ሁሉ የጠረጴዛውንም ልብስ በዚያው ቀን አጥበው፣ ሲደርቅ ለባለቤቱ ያድርሱ። ሰጪውም አስቀድሞ በጠርዙ ላይ በክር ምልክት ያድርግበት። "ይህ የሴቶች ሥራ ነው" የሚል ወንድ ካለ፣ ሲበላ ያንጠባጠበው እሱም ነውና ባልዲውን ይዞ ይምጣ።

አጠባቡን በተመለከተ፣ ወጥ የፈሰሰበት ልብስ ካደረ አይለቅም። መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ ማንሳት፣ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ቅባቱን ሲመጥ ማራገፍ፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማሸት ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ቢቀላ አትደንግጡ፤ ነጭ ልብስ ከሆነ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እየደበዘዘ ይሄዳል። ባለቀለም ጥልፍ ግን ጥላ ሥር ይድረቅ። ቡናና ሻይ እንደፈሰሰ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። የሻማ ጠብታ ከደረቀ በኋላ ይፋቃል፤ የቀረውን በሁለት ወረቀት መሃል አድርጎ በካውያ መተኮስ ነው። በረኪና ባለቀለሙ ጥልፍ ዘንድ አይድረስ፤ ነጩንም ጥጥ ሲደጋገምበት ክሩን ያሳሳዋል።

አቀማመጡም ያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥበቱ ያልወጣለት ልብስ በተለይ በክረምት ይሻግታል። አሚዶ የገባው ልብስ ነፍሳት ስለሚስብ ሳይታጠብ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥ። ላስቲክ ከረጢትም እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል። ብል የሚወደው ሱፍና ሐር እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም። ታዲያ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ሊውጠው የሚችለውን ናፍታሊን ለጥጥ ልብስ ምን አመጣው? ደግሞም በየሁለት ሦስት ወሩ እያወጣችሁ አስተጣጠፉን ቀይሩ፤ በአንድ እጥፍ ዓመታት የቆየ ልብስ እዚያው እጥፉ ላይ ይሳሳል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ሦስት የጠረጴዛ ልብስ ለአንዲት ሐዘንተኛ ሸክም ነው፤ ለተረኞች ግን የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ከዚህ ቀደም የተዋሳችሁትም ሳትጠየቁ መልሱ። ሐሳባችንን የምትደግፉም የምትቃወሙም በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ተገኝታችሁ ተናገሩ።

የእድሩ ጸሐፊ