ዓሣው አዲሱን ውሃ ይልመድ

 

ዛሬ የምንጫወተው ስለ ዓሣ ነው። «እኛና ዓሣ ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ነገሌ ቦረና የከብት አገር ነው። ብዙዎቻችን ወተት ጠጥተን እንጂ ዓሣ በልተን አላደግንም። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር ያየነውን አይተናል። በቦረና ምድር ብዙ ከብት አለቀ። ስለዚህ ሌላ የኑሮ ድጋፍ ማሰብ ግድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዝ ኩሬ ያለው ሰው «ዓሣ ላርባ» ቢል አያስገርምም። በከተማም ለጌጥ ብሎ ዓሣን በመስተዋት ሣጥን የሚያኖር አለ። ኩሬም ይሁን የመስተዋት ሣጥን፣ ዓሣን ወደ አዲስ ውሃ የማስገባቱ ሕግ አንድ ነው።

እኛም አንድ ጊዜ ሞክረን አጥፍተናል። ያጠፋነውን እንንገራችሁና እናንተ አትድገሙት።

ገንዘብ አዋጥተን የዓሣ ጫጩቶች ከደጋ አመጣን። ሌሊቱን በመኪና ተጉዘን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደረስን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኛ ግን ደስታው አጣደፈን። ፌስታሉን ቀደድንና ዓሣውን ከነውሃው ኩሬው ውስጥ ዘረገፍነው። ልጆች አጨበጨቡ። ትንሽ ቆይቶ ዓሦቹ በጎናቸው መንሳፈፍ ጀመሩ። ሲመሽ አብዛኞቹ ሞተው ነበር። አንዱ «ውሃው ተመርዟል» አለ። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለ። ውሃው አልተመረዘም። ዓይንም አልበላቸውም። የገደልናቸው እኛ ነን፤ በችኮላ።

ለመሆኑ ምን ሆነው ሞቱ? ነገሩ ሦስት ነው።

አንደኛው ሙቀት ነው። የዓሣ ገላ እንደ ሰው ገላ የራሱን ሙቀት አይጠብቅም። ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። የዓሣ ጫጩት ከሚራባባቸው ቦታዎች አንዱ በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ነገሌ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዶሎ ሲወረድ ደግሞ ከዚያም በጣም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የደጋው ውሃ ቀዝቃዛ፣ የእኛ ውሃ ሞቃት ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል። የሚገድለው ሙቀቱ ሳይሆን ድንገተኛው ለውጥ ነው። ብርድ ላይ ያደረ ሰው እሳት አጠገብ ይቀመጣል እንጂ እሳት ውስጥ አይወረወርም።

ሁለተኛው አየር ነው። ዓሣም ይተነፍሳል። ውሃው ውስጥ ያለውን አየር በራሱ ጎንና ጎን ባለው መተንፈሻ ይስባል። ታዲያ ሙቅ ውሃ የሚይዘው አየር ከቀዝቃዛ ውሃ ያነሰ ነው። በቀትር፣ በታፈነ ዕቃ፣ ብዙ ዓሣ ቢታጨቅ አየሩ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው የውሃው ጠባይ ነው። ይህን ለቦረና እረኛ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የኤላው ውሃ፣ የሐሮው ውሃ፣ የወንዙ ውሃ ጣዕሙ ይለያያል። ከኤል ሶድ ጉድጓድ ጨው ይወጣል እንጂ ውሃው አይጠጣም። ዓሣው ደግሞ የሚኖረው ውሃው ውስጥ ነው። የውሃው ጠባይ ቀስ እያለ ቢለወጥ ይለምደዋል። በአንድ ጊዜ ቢለወጥበት ግን ይታመማል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ።

ኩሬው ቀድሞ ይሞላ። ጥቂት የከብት እበት ይጨመርበት። አንድ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ያደረጉት በዓይን ለይተን የማናያቸው ደቃቅ ተክሎች ናቸው። ለቆሮሶ ምግብ ይሆኑታል። ለመስተዋት ሣጥን ግን እበት አያስፈልግም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣን ይገድላል። ስለዚህ ውሃው በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ።

የምትጭኑበት ዕቃ ንጹሕ ይሁን። የመዥገር መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ታጥቦም ቢሆን አይሁን። ለከብት መዥገር የምንረጨው መድኃኒት ጥቂቱም ዓሣ ይፈጃል። በረኪናና ጋዝ የነበረበትም እንደዚሁ።

ከመንገድ በፊት ያለውን አንድ ቀን ዓሣው ምግብ አይብላ። ሆዱ ባዶ ከሆነ መንገድ ላይ ውሃውን አያቆሽሽም። በፌስታል ሲጫን ከሦስት እጅ አንዱ እጅ ውሃ፣ ሁለቱ እጅ ኦክስጅን ይሆናል። ኦክስጅኑን የሚሞላው ጫጩቱን የሚሰጠው ክፍል ነው። ዓሣ አይታጨቅ። ጥቂት ዓሣ በሕይወት ቢደርስ ብዙ ዓሣ ሞቶ ከሚደርስ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ነገሌ ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል መንገድ በቀን ፀሐይ አይሆንም። ማታ ተነሥታችሁ ማለዳ ድረሱ። ፌስታሉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

ስትደርሱ አትቸኩሉ። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፌስታሉን ሳትፈቱ ኩሬው ላይ፣ ጥላ ባለበት በኩል አንሳፍፉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። የውስጡና የውጭው ውሃ ሙቀት ይመጣጠናል። እጃችሁን ከውጭ ፌስታሉ ላይ፣ ከዚያም ኩሬው ውስጥ አድርጋችሁ ሞክሩት። ልዩነት ከተሰማችሁ ገና ነው፤ ጠብቁ።

ቀጥሎ ፌስታሉን ፍቱ። ከኩሬው በጣሳ ጨልፋችሁ ትንሽ ጨምሩበት። ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ድገሙት። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ እጥፍ እስኪሆን ድረስ እንዲህ አድርጉ። ነገር ግን ከተፈታ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይለፍ። ረዥም መንገድ የመጣ ውሃ ቆሽሿል። ዓሣው ያወጣው ቆሻሻ ተጠራቅሞበታል። ይህ ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል። የበረት ሽንት ዓይናችሁን ሲያቃጥለው የሚሰማችሁ እርሱ ነው።

በመጨረሻ የፌስታሉን አፍ አዘንብሉት። ዓሣው በራሱ ጊዜ ዋኝቶ ይውጣ። አትዘርግፉት። በእጅ መያዝ ግድ ከሆነ እጃችሁን በውሃ አርጥቡ። ደረቅ እጅ በዓሣው ገላ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ሽፋን ይገፍፈዋል። ያ ሽፋን ከበሽታ መከላከያው ነው።

የዚያን ዕለት አትመግቡት። በማግስቱ ጥቂት ስጡት። ማለዳ ማለዳ እየሄዳችሁ እዩ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ የሚያዛጉ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል። እበቱንና ምግቡን አቁሙ፤ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አለው። በወሎ የሚገኘው ሐይቅ ቆሮሶ አልነበረውም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ጫጩት ተወስዶ ተጨመረበት። ዛሬ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ያወጣሉ። ከእኛው ወሰን ማዶ ደግሞ፣ በሰሜን ሶማሊያ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ዓሣ ብርካ ውስጥ ተጨምሮ ነበር። ዓሣው የወባ ትንኝን እጭ እንዲበላ ታስቦ ነው። እኛም የኩሬውን ዳር ዳር ሣር ካጨድን ትንኝ መደበቂያ ያጣል፤ ዓሣውም እጩን ያገኘዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ገናሌ ወይም ዳዋ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። የሰለቻችሁን የጌጥ ዓሣም ቢሆን። ወንዝ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይለቀምም። የወንዙን የራሱን ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። ኩሬያችሁ ጎርፍ የሚያጥለቀልቀው ቦታ ላይ አይሁን። ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚስማማ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኩሬው በበጋ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ መጀመሪያ ሰውና ከብት ይጠጣ።

የእኛ ዓሦች የሞቱት አንድ ሰዓት መታገሥ አቅቶን ነው። ያዋጣነው ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። እናንተ ግን አንዷን ሰዓት ታገሡ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ከጎረቤት ጋር ተወያዩ።

1. ዓሣው ከፌስታሉ በአንድ ጊዜ ቢዘረገፍ ለምን ይሞታል?
2. በቀትር ከመድረስ ማለዳ መድረስ ለምን ይሻላል?
3. በእናንተ ቤት ዓሣ ሊጫንበት የማይገባው ዕቃ የትኛው ነው?