የእጃችን ሰዓት ስለ ማን ይመሰክራል?

መቼም ሰዓት የሌለው መምህር ምን ያህል እንደሚቸገር፣ የማስተማር ልምምድ ወጥቶ የተመለሰ እጩ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። መግቢያው አምስት ደቂቃ፣ ዋናው ትምህርት ይህን ያህል፣ ማጠቃለያው ይህን ያህል ተብሎ በትምህርት ዕቅድ የሰፈረው ሁሉ ያለ ሰዓት ወረቀት ላይ ይቀራል። «ስልክ አለ አይደል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን መምህሩ በየመሐሉ ከኪሱ ስልክ እያወጣ ቢመለከት፣ ሰዓት ነው የሚያየው ብሎ የሚያምን ተማሪ የለም። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ለእኛ እንደ ጠመኔና እንደ ዳስተር የሥራ ዕቃ ነው። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ግን ሰዓቱ ስለሚቆጥረው ጊዜ ሳይሆን በሰዓቱ ፊት ላይ ስለተጻፈው ስም ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በመርካቶም ሆነ በፒያሳ፣ በየክልል ከተማው መናኸሪያም ጭምር፣ ሱቅ በደረቴ ያነገተ ልጅ ሰዓቶቹን ሲያሳይ «ሮሌክስ»፣ «ኦሜጋ»፣ «ካርቲዬ» የሚሉት አይታጡም። «ኦሪጅናል ነው ጋሼ! ቀለሙ አይለቅም፣ ውኃ አያስገባም!» ይላል ልጁ። ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፤ ሁለቱም ተሳስቀው ይለያያሉ። እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። ሲገዛ ቀልድ የነበረው ግን እጅ ላይ ሲታሰር ቁም ነገር ይሆናል። እጅጌ ከፍ ይደረጋል፤ በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክንድ ይዘረጋል፤ ሰዓት ያልጠየቀ ሰው ሳይቀር ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነገረዋል።

ይህን ስንል ለማሾፍ አይደለም። ጉጉቱ ይገባናል። የምንኖረው ሰውን በአለባበሱ በሚቀበሉበት ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ «ልጃችን መምህር ሊሆን ነው» እያለ የሚጠባበቀው ወጣት፣ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ያልፍለት ጀመር እንዲባል ይመኛል። በሌላ ሙያ ተሰማርቶ ቀድሞ የደላው አብሮ አደጉ ፊት ማነስም ያሳፍረዋል። የመምህር ደመወዝ ደግሞ የታወቀ ነው። ታዲያ በጥቂት መቶ ብር ከትልቅ ባለሥልጣንና ከትልቅ ነጋዴ ጋር በእጅ ሰዓት እኩል የሚያደርግ ዕቃ ቢገኝ ማን ይጠላል? ትንሽ ነው፣ ያበራል፣ ከሩቅ ይታያል። ችግሩ ከቅርብም መታየቱ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመኝታ ክፍሎቻችን ስንከራከር ሦስት መልሶች ደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ሰዓቱ እንደሆነ በደንብ ይሠራል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «እውነተኛውም ቢሆን የሚሸጠው ስሙን ነው» ይላል። ሦስተኛውና ጠንካራው ደግሞ፣ «ማንን ጎዳሁ? እውነተኛውን እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ አልገዛው፤ ስዊሶቹ በእኔ ምክንያት ምን ቀረባቸው?» የሚለው ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያው ላይ ክርክር የለንም። እንዲያውም ከሚባለው በላይ እውነት አለው። ሮሌክስን በለንደን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቋቋመው ሃንስ ዊልስዶርፍ የተባለ፣ በጀርመን አገር የተወለደ ነጋዴ ነው። ስሙ በ1908 ተመዘገበ፤ ድርጅቱም በኋላ ወደ ጄኔቭ ዞረ። በ1926 ውኃ የማያስገባውን «ኦይስተር» የተባለ ሰዓት አወጣ። በማግሥቱ ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ስትዋኝ ያንኑ ሰዓት ይዛው ነበር። ስሙ የገነነው እንዲህ ባለ ፈተና ነው። ይሁን እንጂ ሰዓቱ የሚሠራው በባትሪ ሳይሆን በጠመዝማዛ ብረትና በጥርሶች ነው፤ ድርጅቱም ለዛሬዎቹ ሰዓቶቹ ቃል የሚገባው በቀን ከ2 ሴኮንድ በላይ እንደማይዛነፉ ነው። በሌላ በኩል የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቅርቧል። ከዚያ ወዲህ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ቅንጣት ድንጋይ የሚመራ ተራ ባለ ባትሪ ሰዓት፣ ደኅና ከሆነ፣ በወር ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ቢዛነፍ ነው። እስቲ የሒሳብ ተማሪዎቻችን አስሉት፤ በቀን 2 ሴኮንድ በወር 60 ይሆናል። እንግዲህ ርካሹ ባለ ባትሪ ሰዓት ከውዱ ይልቅ ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል ማለት ነው!

ታዲያ ጊዜ ለማወቅ ብቻ ከሆነ፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠውን ያንን ባለ ፕላስቲክ ማሰሪያ ካሲዮ የመሰለ ሰዓት አስሮ ሥራን መሥራት ይቻላል። አስመስሎ የተሠራውን የመረጠ ሰው የገዛው ጊዜን አይደለም ማለት ነው። ቆጣሪዎቹ አይዋሹም፤ የሚዋሸው ከበላያቸው የተጻፈው ስም ነው።

ወደ ሁለተኛው መልስ ስንመጣ፣ ይህም ግማሽ እውነት አለው። ርካሹ ሮሌክስ እንኳ አዲሱ ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል። የብረቱና የመስተዋቱ ዋጋ ይህን ያህል እንደማይሆን ግልጽ ነው። ለስም ይህን ሁሉ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው ወይ ቢባል፣ በእኛ በኩል አይደለም እንላለን። ነገር ግን ስሙ ከንቱ ከሆነ፣ ያው ሱቅ በደረቴ ስም የሌለበትን ሰዓት ሲያሳየን ለምን አልፈን ሌላውን እናነሣለን? ከንቱ ነው የምንለውን ስም ራሳችን እጃችን ላይ ካሰርነው፣ ስሙን የናቅነው ሳይሆን ያለ ዋጋው የፈለግነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ግን ጠለቅ ያለ መልስ ያሻዋል። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎችን እንተዋቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ስዊስ ወደ ውጭ የላከችው ሰዓት 16.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ያስገባላት ገንዘብ ከ26 ቢሊዮን ፍራንክ በላይ ነው። በእኛ በእጩ መምህራኑ ምክንያት ፋብሪካ አይዘጋባትም። ይህን እንቀበላለን። ይሁን እንጂ የሐሰት ሰዓት የሚያመርተውና የሚያሻግረው ንግድ ሰዓት ብቻ አይነግድም። በምዕራባውያኑ የኤኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትና በአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ንግድ ውስጥ የተዘዋወረው የሐሰት ዕቃ እስከ 464 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ንግድ እስከ 2.5 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ውስጥ መድኃኒት አለ፣ የመኪና መለዋወጫም አለ። የሐሰት ሰዓት ቢቆም የሚቀረው ቀጠሮ ነው፤ የሐሰት ፍሬን ከቆመ ግን ሰው ነው የሚያልቀው። «ገዢው አይጠይቅም» የሚለውን ትምህርት ለነጋዴው የምናስተምረው በሰዓቱ ጀምረን ነው።

ደግሞስ ነገሩን በስዊሶች በኩል ብቻ ለምን እናየዋለን? በእኛ በኩል እንየው እንጂ! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአገሩ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ ድርጅት ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት የተቋጨው በ2007 ነው። ያኔ ያልነው ምን ነበር? «ስሙ የገበሬያችን ነው፤ ዋጋውን የፈጠረው የእርሱ ላብ ነው፤ በስሙ የሚጠቀም ሁሉ ያክብረው» ነው ያልነው። ትክክልም ነበርን። እንግዲህ የቡናችን ስም የእኛ ከሆነ፣ የሰዓቱ ስም የባለ ሰዓቱ አይደለምን? ለራሳችን ሲሆን መብት፣ ለሌላው ሲሆን ቀልድ ማድረግ የሚቻል አይመስለንም።

ከቡናውም ይልቅ የሚቀርበን የሽሮ ሜዳ ነገር ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ ለአንድ ጥለት ቀናት ይፈጃል። በውጭ አገር ፋብሪካ በማሽን የታተመው አምሳያ ግን በጥቅል መጥቶ በጎኑ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል። ከሩቅ ያው ነው። ገዢዋም «ከሩቅ ማን ይለየዋል?» ብላ ትለብሰዋለች። ይህ አባባል ከየት ይታወቀናል? ሰዓቱን ስንገዛ ያልነው ራሱ ነው። ከመካከላችን የሸማኔ ልጆች አሉ። የሐሰት ሮሌክስ አስረን ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ብንቆረቆር ቃላችን ክብደት አይኖረውም።

ሕጉንም ቢሆን ማወቅ ይገባል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚባል አለን። የአዋጁ መንፈስ ሲታይ፣ የንግድ ምልክት ማለት «ይህን ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ክብ ሰዓት መሥራት፣ የብረት ማሰሪያ ማድረግ፣ ፊቱን ጥቁር ወይም አረንጓዴ መቀባት በደፈናው ወንጀል አይደለም። የሚያምር ሰዓት መውደድም ነውር አይደለም። ነውሩ ያለው፣ ያልሠራው ሰው ስም ሲጻፍበትና «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ የሐሰት መልስ ሲሰጥበት ነው።

ይህን ጥያቄ ደግሞ ከመምህር የበለጠ የሚጠይቅ ማን አለ? የተማሪ ደብተር ስናርም የምንጠይቀው «ትክክል ነው ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ማን ሠራው?» ብለንም ነው። ከጎረቤቱ የኮረጀ ተማሪ መልሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልክ እንደዚያ የሐሰት ሰዓት ቆጣሪ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ማነስ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ የመምህራንና የትምህርት ቤቶች ጉድለትም በውስጡ አለ። ነገር ግን ያ ቁጥር አገሩን ሁሉ ያስደነገጠው፣ ከዚያ በፊት በየወረቀቱ ላይ የነበረው ብዙ ምልክት የማን እንደነበር ስላጠያየቀ ነው። ኩረጃን ለማጥፋት የምንሠለጥነው እኛ ነን። «አትኮርጅ» ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው እጅ የተኮረጀ ስም አስሮ ቢታይ፣ ተማሪው የሚያነበው ሰሌዳውን ይሆን ወይስ እጁን?

«ልጅ ምን ያውቃል? አይለየውም» የሚል አይጠፋም። ይለያል እንጂ! ልጅ የመምህሩን ጫማ ቀዳዳ፣ የሸሚዙን ቁልፍ፣ የአነጋገሩን ለዛ ሳይቀር ቤቱ ሄዶ የሚደግም ፍጡር ነው። የሰዓቱም ወርቅ ቅብ በክረምት ለቆ ነጩ ብረት ሲወጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው፤ እንኳን ቅቡ ወርቁም አያደምቅም ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀድሞ የገዛ ወንድም ወይም የገዛች እኅት ሰዓታቸውን ቦይ ይወርውሩ አንልም፤ በዘመድ ስጦታ የደረሰውም ብዙ ነው፤ ማንም ላይ ጣት እንዲቀሰርም አንፈልግም። ምክራችን ቀላል ነው። ወደፊት ስንገዛ፣ የሠራው ሰው የራሱን ስም የጻፈበትን፣ ወይም ምንም ያልተጻፈበትን እንግዛ። ያለን እንደሆነም፣ «የኔታ፣ ሰዓትዎ እውነተኛ ነው?» ብሎ ተማሪ ቢጠይቀን «አይደለም ልጄ» ለማለት እንዘጋጅ። ያንን መልስ ለመስጠት የሚያፍር ሰው ከቦርሳው ያስቀምጠው። ደግሞም የሰው ግምት የሚፈልግ እጩ መምህር ካለ፣ ግምት የሚያስገኝ ነገር በነፃ እንዳለ እናስታውሰው፤ በሰዓቱ ክፍል መግባት ነው። በሰዓቱ የሚገባ መምህር ሰዓቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። አርፍዶ የሚገባው ግን ወርቅ ቢያስር ያረፈደበት ነው የሚወራው።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ በየገጠሩና በየከተማው ስንበተን ይዘነው የምንሄደው ሀብት ብዙ አይደለም። አንድ ዲፕሎማ፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ አንድ ቃል ነው። ዲፕሎማው የሚታመነው ቃላችን ሲታመን ነው። ቃላችንም የሚታመነው ከትልቁ ነገር ብቻ ሳይሆን እጃችን ላይ ካለው ትንሽ ነገር ተነሥቶ ነው። ርካሽ ሰዓት አስረን ውድ ቃል ብንናገር ይሻለናል።

ቸር ይግጠመን።