ቆራሌው ከመድረሱ በፊት፦ አሮጌ የድምፅ መሣሪያ ለምን ይሰበሰባል?

በአዲስ አበባ ሠፈሮች ማለዳ ማለዳ የሚሰማውን «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ቆራሌው ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተሰነጠቀውን ጀሪካን ይገዛል። አልፎ አልፎም ከቁም ሣጥን ጀርባ ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ የኖረ የሸክላ ማጫወቻ ወይም ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ይሰጡታል። ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ መዳቡ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ እንጨቱም ለብቻ ይሆናል። የቤቱ ባለቤት ቦታ ተለቀቀልኝ ብሎ ይደሰታል፤ ቆራሌውም እንጀራው ነውና አይወቀስም። ነገር ግን በዚያች ዕለት ከቤቱ የወጣው ዕቃ ብቻ ነውን? በእኛ እምነት አይደለም።

እኛ ጃዝ የምንወድ፣ አሮጌ የድምፅ መሣሪያ እየፈለግን የምንሰበስብና የምንጠግን ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ብዙ ሰዎች ይህን ልማዳችንን ከናፍቆት ይቆጥሩታል። አንዳንዶችም በኪስ ስልክ በሺህ የሚቆጠር ዘፈን መያዝ በሚቻልበት ዘመን ሃያ ኪሎ የሚመዝን ማጉያ ተሸክሞ መዞር ምን ይሉታል ይሉናል። ትችቱ በከፊል ተገቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ መሣሪያዎቹ ውበት አንከራከርም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማጫወቻው ከሌለ በሸክላ የተቀረጸው ድምፅ ዲዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማጫወቻው ኖሮም ሳይንሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ድምፁ ሊዋሽ ይችላል።

ዲዳው ሸክላ

አቶ አምሃ እሸቴ የመሠረቱት አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተማቸው ሸክላዎች በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ልዩ ስፍራ አላቸው። በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ የአገራቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐዱበት «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» የተሰኘው አልበምም በ1974 የወጣው በዚሁ አሳታሚ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት አማካይነት ከዚያ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ በሲዲ ለዓለም ተዳርሰዋል። ሆኖም በሲዲ የወጣው በሸክላ ከታተመው ሁሉ ከፊሉ ነው። የቀረው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚያነበውን ይጠብቃል።

«የሚያነበውን» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ ማለት ረጅም ጽሕፈት ነው። በላዩ ላይ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ አንድ ቦይ አለ፤ የቦዩ ግድግዳ የሚጥመለመለውም ድምፁ አየሩን ባርገበገበበት ልክ ነው። በ1948 ለገበያ የቀረበው ረጅሙ ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ከማዕከሉ 14.6 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው ጠርዝ ላይ ቦዩ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል። ከማዕከሉ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ በጠርዙ ላይ የ0.05፣ በመሐሉ ላይ ደግሞ የ0.02 ሚሊ ሜትር ሞገድ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው። ያረጀና የተላጠ መርፌ ይህን የመሰለ ረቂቅ ጽሕፈት ማንበብ አይችልም፤ ይባስ ብሎም ፊደሉን እየፋቀ ያልፋል።

መርፌው ካነበበ በኋላ ሥራው የፋራዴይ ነው። በ1831 ባገኙት ሕግ መሠረት፣ ከመርፌው ጋር የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ማግኔት በአጠገቧ ባለው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ጥቂት ሚሊ ቮልት ታመነጫለች። ይህ መልእክት ግን እንዳለ ቢጎላ ቤዝ የሌለው፣ የሚንሿሿ ድምፅ ይሆናል። ምክንያቱም ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሞቹ ድምፆች ቦዩን እንዳያሰፉት ሆነ ተብሎ ዝቅ፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከመርፌው ሹክሹክታ በላይ እንዲሰሙ ከፍ ተደርገዋል። ከ1954 ወዲህ ደረጃ የወጣለት ይህ ሚዛን በማጉያው ውስጥ መቀልበስ አለበት። መርፌው፣ ማግኔቱ፣ ሞተሩና ማጉያው አንድ ላይ የአንድ መዝገብ ቁልፍ ናቸው። ቁልፉ ምናለሽ ተራ ከተበተነ መዝገቡ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እኛው የተሳሳትንበት

ከመካከላችን አንዱ አሜሪካ ከሚኖሩት አጎቱ በ1970ዎቹ የተሠራ የሸክላ ማጫወቻ ተላከለት። በአሜሪካ ቤቶች ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት በመሆኑ፣ ከእኛው 220 ቮልት ጋር የሚያስማማ ትራንስፎርመር ገዝተን አገናኘነው። ማጫወቻው ያለ አንዳች እንከን ዞረ። በሲዲ የምናውቀውን አንድ የጃዝ ሸክላ አስቀመጥን። ቤዙ ከምናውቀው ይልቅ ወፈረ፤ ሳክስፎኑ ረጋ፣ ለሰለሰ። «የድሮ መሣሪያ ሙቀት ማለት ይኸው ነው!» ተባባልን። ሁለታችን ሲዲውን ዳግመኛ ላንሰማ ማልን። በዚያው ግለት በሲዲ ያልወጣ አንድ ብርቅ ሸክላ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን ለወዳጆቻችን አደልን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእኛው አንዷ ክራሯን ይዛ መጣች። ክራሩን ቤቷ ሳለች በሲዲው ቃኝታው ነበር፤ ከሸክላው ጋር ግን አልገጠመም። ሸክላው በሦስት ግማሽ ቃና ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። አንዳንዶቻችን ክራሩን፣ አንዳንዶቻችን ሲዲውን ጠረጠርን፤ የወደድነውን ማጫወቻ የጠረጠረ አልነበረም። እርሷ ግን በሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋ ሰዓት ያዘች። በደቂቃ 33⅓ የሚዞር ሸክላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በትክክል 100 ጊዜ መዞር አለበት። የእኛው 83 ጊዜ ዞረ።

ምክንያቱ በመሰናዶ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። የዚያ ዓይነት ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹ በአሜሪካ በሴኮንድ 60፣ በኢትዮጵያ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልትን ይለውጣል፤ ድግግሞሽን ግን አይነካም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ዞረ፤ የአምስት ደቂቃው ዜማ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው ድምፅ 367 ሆነ። ያደነቅነው «ሙቀት» የተሳሳተ ፍጥነት ነበር።

ይህን ያህል ስሕተት እንዴት ሳይሰማን ቀረ? ጆሮ ቅኝትን የሚለየው እያንዳንዱን ድምፅ ነጥሎ ሳይሆን አንዱን ከሌላው እያነጻጸረ ነው። ሁሉም ድምፆች በአንድ ቁጥር ሲባዙ ንጽጽሩ አይለወጥም። ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ስሕተቱ በራሱ ጥላ ውስጥ ይሰወራል።

መድኃኒቱ ከሕመሙ ቀለለ። በሞተሩ ጫፍ ላይ ሆና ቺንጋውን የምታዞረውን ትንሽ ፑሌጋ፣ ዲያሜትሯ 1.2 እጥፍ በሆነ ሌላ ፑሌጋ ተካናት። ቶርኒ ቤት አሠርተን ገጠምናት፤ ቆጠርን፤ መቶ ሆነ። ያደልነውን ግልባጭ ግን ዛሬም ሰብስበን አልጨረስንም። አንድ የማያውቀን ወጣት ያን ግልባጭ ሰምቶ የሙዚቀኞቹ አጨዋወት እንዲያ ዘገምተኛ ነበር ብሎ ቢያምን፣ ጥፋተኛው እርሱ አይደለም።

የፓሪሱ ድምፅ

እንዲህ ያለ ስሕተት የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤዷር ሊዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል ከኤዲሰን ፎኖግራፍ 17 ዓመት ቀድመው፣ በ1860 የሰውን ድምፅ በጢስ በጠቆረ ወረቀት ላይ እንደ መስመር ጽፈው ነበር። ዓላማቸው ድምፅን ለማየት እንጂ መልሶ ለመስማት አልነበረም። በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ወረቀቱን በኮምፒዩተር አንብበው ድምፁን ሲያሰሙ፣ ዘፋኟ ሴት ወይም ልጃገረድ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ መወሰዱ ታወቀ። ስኮት ከድምፁ ጎን የቃና ሹካ ርግብግቢት አብረው ጽፈው ስለ ነበር ስሕተቱን ማረም ተቻለ። ሲታረምም የተሰማው የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው፤ ምናልባትም የራሳቸው የስኮት።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጽሕፈት ስላልተጣለ ስሕተቱ ታረመ። መለኪያው አብሮ ስለ ተጻፈም ማረሚያ ተገኘ።

እምነትን መመዘን

ሰብሳቢዎች «አሮጌው መሣሪያ ይበልጣል» ማለት እንወዳለን። ሐቁን ለመናገር ግን በ1982 የወጣው ሲዲ በጸጥተኛውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል እስከ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት ሲይዝ፣ ጥሩ ሸክላ ከ70 ብዙም አያልፍም። በዚህ ረገድ ክርክሩ አብቅቷል። ሸክላውን የምንመርጠው ስለምንወደው ከሆነ ይህ ነውር የለበትም፤ ፍቅርን እንደ ልኬት ማቅረብ ግን ነውር ነው።

ለሚጠራጠር ሰው ፈተናው ቀላል ነው። ሁለት ማጉያዎችን ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» መስሎ ይሰማልና። ከዚያም የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለአድማጩ ሳትነግሩ አሥር ጊዜ አስገምቱት። ሰባቱን ቢያውቅ አትደነቁ፤ ምንም ልዩነት ሳይሰማው በዕድል ብቻ ሰባትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ካወቀ ግን ዕድሉ ወደ 1 በመቶ ስለሚወርድ ጆሮውን እናከብርለታለን።

ታዲያ የአሮጌው መሣሪያ ብልጫ ምንድን ነው? መከፈቱ ነው። የእጅ ስልክ ቢከፈት ለዓይን የሚገለጥ ነገር የለውም። የድሮ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ጀርባ ሲከፈት ግን ትራንስፎርመሩ፣ ካፓሲተሩ፣ የሽቦ ጥቅሉ እያንዳንዱ በየቦታው ይታያል። በመጽሐፍ ላይ ምልክት ብቻ ሆነው የምናውቃቸው ነገሮች ክብደትና ሙቀት ይኖራቸዋል። ሙከራ በሌለበት ክፍል ፊዚክስ የተማርን ሰዎች የዚህን ዋጋ እናውቃለን።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ውድ አንባቢ፣ የአያትህ ወይም የአያትሽ ማጫወቻ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ጠይቁ፤ ሸክላዎቹም ከፀሐይና ከሙቀት ርቀው፣ እንደ መጽሐፍ ቆመው ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ የየትምህርት ቤቱና የየዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ክበባት አንድ የጥገና ጠረጴዛ ይኑራቸው። የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ዛሬም በየከተማው አሉ፤ እውቀታቸው በጽሑፍ ሳይሆን በእጃቸው ነውና ጊዜ ሳለ እንማርባቸው። ሦስተኛ፣ ሸክላ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሁሉ የማጫወቻውን ዓይነት፣ የመርፌውን ሁኔታና የቆጠረውን ፍጥነት ከግልባጩ ጋር ይጻፍ፤ ከገለበጠ በኋላም ሸክላውን አይጣል። ነገ የተሻለ አንባቢ ይመጣ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ባለ ቫልቭ መሣሪያ በውስጡ ብዙ ጊዜ ከ250 ቮልት በላይ አለው፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ለሞት የሚያደርስ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር ማንም አይክፈተው። ለዓመታት የተኛውንም መሣሪያ ሳያስመረምሩ ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም።

የክራሯ ባለቤት የለጠፈቻት ነጭ ወረቀት እስከ ዛሬ ከማጫወቻው አጠገብ አለች። አዲስ ሸክላ ከማጫወታችን በፊት ወረቀቷን እንለጥፍና ሦስት ደቂቃ እንቆጥራለን፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙዚቃ የምንሰማው። ቆራሌውም በደጃችን ሲያልፍ እንጠራዋለን፤ ዛሬ ዛሬ አሮጌ ማጫወቻ ሲያጋጥመው ምናለሽ ተራ ከማድረሱ በፊት ለእኛ ያሳየናል።